አንተ ልበል ወይስ እርስዎ?

የኢምፕሮቭ የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፤ «እሺ፣ ደግሞም»። አንዱ ተጫዋች «ዶክተር፣ ላሜ ታማብኛለች» ብሎ ከጀመረ ሌላው «እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ አንተም ላም የለህም» አይለውም። እንዲያ ካለ ጨዋታው እዚያው ሞተ። ይልቅ የተሰጠውን ይቀበልና አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ «አውቃለሁ፣ ማታ ደውላልኝ ነበር»። በቃ። ጽሑፍ የለም፣ ጥናት የለም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃል የሚያስታውስ ሰው የለም። የተሰጠህን ትቀበላለህ፣ የራስህን ታክላለህ፣ የሚሆነውን ታያለህ።

ችግሩ፣ አማርኛ ውስጥ «እሺ» ሁልጊዜ መቀበል አይደለም። ቢሮ ሄዳችሁ ጉዳያችሁን ስትናገሩ የምትሰሙት «እሺ» ብዙ ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ማለት ነው። እናቱ ውሃ ቅዳ ስትለው ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ልጅ «እሺ» ይላል፤ አይነሳም። ታላቅ ሲቆጣን አንገታችንን ደፍተን «እሺ» እንላለን፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን እሺታችን ወሬ ከሚከፍተው የሚዘጋው ይበዛል። ስለዚህ እዚህ ዲምቱ ከልጆቹ ጋር ስንጀምር አማርኛዋን «እሺ» ጣልናትና በወላይትኛው «ኤኖ» ተካናት። «ኤኖ»ም አንገት ተደፍቶ የሚባልበት ጊዜ አለ። ቢያንስ ግን ቢሮ ቢሮ አትሸትም።

ዲምቱን ለማታውቁ፦ ከወላይታ ሶዶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ አቅጣጫ ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ መቀመጫ። ሶዶ ላይ ሹራብ ለብሳችሁ ከተሳፈራችሁ እዚህ ስትወርዱ ክንዳችሁ ላይ ነው የምትይዙት። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ቴአትር ልማር ወጣሁ፣ ተማርኩ፣ ሥራ ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ ተመለስኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንበሮቹ ግድግዳ ዳር በተደረደሩበት አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከ12 እስከ 15 ከሚሆኑ ልጆች ጋር እንጫወታለን። ትንሿ 12 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 19። ቡድኑ ስም የለውም። ስም እናውጣ በተባለ ቁጥር ጭቅጭቅ ይነሳና ሰዓቱ ያልቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕይንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ሁለት ልጆች ይነሳሉ፣ ከተቀመጡት አንድ ቦታ እንዲጠሩልን እንጠይቃለን፤ «ሆስፒታል!»፣ «መርካቶ!»፣ «ጨረቃ!» ይባላል። የትም ይሁን የት፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የሰከረ አባት ይገባል። ጨረቃ ላይ ሳይቀር። አባትየው ሚስቱን ይመታል፣ ልጁን ሊድር ይነሳል፣ ፖሊስ ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ ወደ እኛ ዞሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ስለዚህ ውድ ተመልካቾቻችን፣ ከዚህ የምንማረው...» ይላል።

አልፈርድባቸውም። የምናውቀው ድራማ ይሄ ነዋ። ያሳደገን የክበብ ድራማ ነው፤ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ፣ ሰልፍ ላይ የሚቀርብ ሚኒ ሚዲያ። መልእክት ይሰጠናል፣ መልእክቱን በ10 ደቂቃ ጠቅልለን እናቀርባለን፣ ያጠፋው ሰው ይሞታል ወይ ይታሰራል። በእነዚያ ድራማዎች ነገር ያወቀ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ። ግን መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ድራማ ልጁን ተዋናይ ሳይሆን ፖስተኛ ያደርገዋል። እናም ሕግ አወጣን፤ ምክር የሰጠ ይወጣል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ማንም መድረክ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየም፣ ሁሉም እየመከረ ተባረረ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጨረቃ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ ሁለት ሴቶች መጡ። እዚያ ሁሉ ነገር ስለሚቀል ኪሎው አልሞላ ብሎ ተጣሉ። አንደኛዋ ሚዛኑ ላይ ራሷ ቁጭ አለች። ምን ተማርን? ምንም። ሳቅ ሊገድለን ነበር።

ከማሟሟቂያዎቹ ብዙዎቹን የትም ታገኟቸዋላችሁ። መስታወት አለ፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ይከተላል፣ ቆይቶ ማን እንደሚመራ ለራሳቸውም ይጠፋቸዋል። እስከ 20 መቁጠር አለ፤ ክብ ሠርተን፣ ዓይን ጨፍነን፣ ተራ ሳንይዝ እንቆጥራለን፤ ሁለት ሰው እኩል አፉን ከከፈተ ከ1 ይጀመራል። (14 ላይ ስንቴ እንደወደቅን አትጠይቁኝ።) ቆየት ብዬ ላወራበት የምፈልገው ግን የአንድ አንድ ቃል ተረት ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ጨዋታ አማርኛ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

ክብ ሠርታችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ብቻ እያዋጣ ተረት ይነገራል። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግሡ ቶሎ ይመጣል፤ አያትየዋ መጀመሪያ ትሸጣለች፣ ምን እንደሸጠች በኋላ እንጨነቅበታለን። በአማርኛ ግሡ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ በወላይትኛም እንደዚያው። «ትናንት»፣ «አያቴ»፣ «ገበያ»፣ «መሃል»፣ «ሽማግሌ»፣ «አንበሳ»፣ «ለጎረቤታችን»... ሰባት ልጅ አዋጥቶ ጨርሷል፣ አያትየዋ ግን እስካሁን ምንም አላደረገችም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ስምንተኛው ልጅ አፍ ላይ ነው። «ሸጠች» ሊል ይችላል። «ዳረች» ሊል ይችላል። «አልሸጠችም» ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ገበያ በአንድ ቃል ተበተነ፣ አንበሳውም ወደ ቤቱ ሄደ።

ልጆቹ ይሄን ሳልነግራቸው ደረሱበት። መጀመሪያ ሰሞን ትልልቆቹ ወንዶች ከመቀመጣቸው በፊት ክቡን በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ግሡ የሚደርስበትን ቦታ አስልተው እዚያ ይቀመጣሉ። ለካ ዓረፍተ ነገር ውስጥም የክብር ወንበር አለ። አሁን በየዙሩ ቦታ እንቀያየራለን፣ እነሱም በየዙሩ ያጉረመርማሉ።

ወንበር ካነሳን አይቀር ስለ ኪት ጆንስተን ላውራ። እንግሊዛዊ የቴአትር ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ለንደን፣ በኋላ ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ ሲያስተምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1979 «ኢምፕሮ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉን አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ለስታተስ ነው። ሁለት ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ በአንገት፣ በዓይን፣ በአቀማመጥ፣ በዝምታ ይነጋገራሉ ይላል፤ ተዋናዮቹንም ጌታና አሽከር እያጫወተ አሠለጠነ። የእሱ ተማሪዎች ስታተስን እንደ ጠፋ ዕቃ ፈልገው ማግኘት ነበረባቸው፤ በእንግሊዝኛ ንጉሡም ሊስትሮውም አንድ «ዩ» ናቸውና።

እኛ ጋ መፈለግ የለም። አማርኛ ደረጃ ሳትመድብ አንድ ዓረፍተ ነገር አያስጀምርህም። «ምን ፈለግህ?» ነው «ምን ፈለጉ?» አንዲት ልጅ ተነስታ ስትቆም ከፊቷ ያለው ሰው ዳኛ ይሁን ወንድሟ፣ ሽማግሌ ይሁን ሌባ ገና አልተወሰነም፤ እሷ ግን አፏን በከፈተች ቅጽበት ወስናለች። እንግሊዝኛ የሚናገረው ተጫዋች ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ማን ፊት እንደቆመ ቀስ ብሎ ይደርስበታል። የእኛዋ ልጅ ፈተናዋ የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። «እርስዎ» ብላው ሕፃን ሆኖ ቢገኝ ይሳቅባታል። «አንተ» ብላው አባት ሆኖ ቢመጣ፣ ጨዋታም ቢሆን፣ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሽምቅቅ ይላል። በዚያ ላይ ከአባትየው ጀርባ እውነተኛው የ19 ዓመት ጎረምሳ ቆሟል፤ ነገ መንገድ ላይ ያገኛታል። ሰዎች ኢምፕሮቭ የሚከብደው ሐሳብ ስለማይመጣ ነው ይላሉ። እዚህ ያየሁት ልጅ ሁሉ ሐሳብ ሞልቶታል። የቸገረው ማን ሆኖ እንደሚናገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁላችንም የሚበልጥ አንድ ልጅ አለን። 17 ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ሊስትሮ ሠርቶ ተመልሷል። አዲስ አበባ ሄዶ ጫማ የጠረገ ወይም ሎተሪ ያዞረ ዘመድ የሌለው ቤት እዚህ ፈልጋችሁ በቀላሉ አታገኙም። ጌታና አሽከር ስንጫወት እኔ ተቀምጬ እሱ አስተማረ። «ደንበኛው ከላይ ነው፣ እኔ መሬት ነኝ» አለን። «ግን እግሩን ሳጥኑ ላይ አንዴ ካሳረፈ በቃ የኔ ነው። ሳጥኑን በብሩሹ ኳ ሳደርግ እግር ይቀይራል። ሚኒስትርም ቢሆን ይቀይራል።» ከዚያ አንዱን ወንበር ላይ አስቀመጠና አሳየን። ልጁ ገና ኳ ሲል እግሩን ቀየረ፤ ማንም ቀይር አላለውም።

ስለ አንዲት ልጅ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ስሟን አልጠራም። 14 ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ገጠር ናቸው፣ እሷ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ቤት ተጠግታለች። አራት ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ አየችን። በአምስተኛው ገባች፤ ገባች ስል ተቀመጠች ማለቴ ነው። ተራዋ ሲደርስ ፈገግ ትልና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። አማርኛዋ ለፈተና የተጠና አማርኛ ነው። በወላይትኛ ስንጫወት ደግሞ ትልልቆቹ ወንዶች አሉ። በሁለቱም ቋንቋ ወንበር አልነበራትም።

የወፍ ቋንቋን ያመጣሁት በእሷ ምክንያት ነው። እርግጥ በልጅነታችን የወፍ ቋንቋ የምንለው በየቃሉ መሃል ድምፅ እየሰገሰግን፣ ትልልቅ ሰዎች እንዳይገባቸው የምናወራውን ነበር። ይሄኛው ለማንም አይገባም። ትርጉም የሌለው ድምፅ እየተናገርክ ትርጉም ያለው ነገር ታደርጋለህ፤ ትከራከራለህ፣ ትለምናለህ፣ ትሸጣለህ። ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው።

ከጨዋታው ጀርባ ያለችው ቫዮላ ስፖሊን የምትባል የቺካጎ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስትማቅቅ፣ መንግሥት ሥራ ለመፍጠር በዘረጋው ፕሮግራም ውስጥ የድራማ አሠልጣኝ ነበረች። ልጆቿ የስደተኛና የድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቤት የሚነገረው ቋንቋ ሌላው ቤት አይሰማም። ቆሞ በማስረዳት የሚሆን ነገር አልነበረም። ቀደም ሲል ኒቫ ቦይድ ከምትባል መምህርት ጨዋታን ማስተማሪያ ማድረግ ተምራ ነበርና፣ ትወናንም በጨዋታ አደረገችው። በ1963 ጨዋታዎቹን ሰብስባ መጽሐፍ አደረገቻቸው። ልጇ ፖል ሲልስ ከጓደኞቹ ጋር በ1959 የከፈተው «ሰከንድ ሲቲ» የተባለው ቴአትር ቤት በእናቱ ጨዋታዎች ላይ ነው የቆመው፤ ዛሬ ስማቸው የምትጠሯቸው ብዙ የአሜሪካ ኮሜዲያን ከዚያ ወጥተዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ኮሜዲያኑ ነው። እኔ የማልረሳው ግን ጨዋታዎቹ መጀመሪያ ቋንቋ ለማይጋሩ ልጆች የተሠሩ መሆናቸውን ነው።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ገበያ ተጠራ። ልጅቷን ሻጭ አደረግናት፣ ሊስትሮውን ገዢ። በእጇ ያለው ባዶ ጄሪካን ነው። እሱ ጄሪካኑን አገላብጦ አየና አፍንጫውን ነፍቶ አንድ ነገር አለ፤ ንቀት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እሷ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። «ዙልባ ቲኮ ማራንጎ!» አለችው። ጄሪካኑን ነጠቀችው፣ በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮው ላይ ደቀነችለት፣ ስለ አፉ፣ ስለ እጀታው፣ ስለ ክዳኑ ምላ ተገዝታ አስረዳችው። እሱ ዋጋ ሲጠራ ጀርባዋን ሰጠችው። አሥር ደቂቃ ያህል ተከራከሩ፤ መጨረሻ ላይ ሸጠችለት፣ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ መልስም አልሰጠችውም። በዚያ ቋንቋ አንተ የለም፣ እርስዎ የለም፣ ስህተት የለም። አክሰንት እንኳ የለም፤ ሁላችንም እኩል እንግዳ ነን።

ቀጥሎ አስተርጓሚ ተጫወትን። አንዱ በወፍ ቋንቋ ንግግር ያደርጋል፣ ሌላው ጎኑ ቆሞ በአማርኛ ይተረጉማል፤ አስተርጓሚው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ተናጋሪዋ እሷ ሆነች፣ አስተርጓሚው ሊስትሮው። ረዥም ንግግር አደረገች፤ እጇን ወደ መንገዱ እያመለከተች፣ ደረቷን እየነካች፣ አንዳንዴ ድምጿን አውርዳ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው። «አዲስ አበባ ሄጄ፣ ሀብታም ሆኜ፣ ቪላ እሠራለሁ ትላለች» ብሎ ተረጎመ። ሁሉም ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። በወላይትኛ፣ በሙሉ ድምፅ፣ «እንደሱ አላልኩም» አለች።

በጨዋታው ሕግ «ኤኖ» ማለት ነበረባት። ማንም አላስታወሳትም። እሱ አስተርጓሚነቱን ሳይተው፣ እጁን እንዳጣመረ፣ «ታዲያ ምን አልሽ?» አላት።

«አልሄድም ነው ያልኩት።»

ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ የቤት ሠራተኛ እንድትሆን ቤት ተገኝቶላት ኖሯል። አክስቷ ናት ያመቻቸችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እሷም በልጅነቷ እንዲሁ ሄዳ ሠርታ ነው ይሄን ቤት የያዘችው። እና አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት የክበብ ድራማ የሠራ ልጅ ቆሟል፤ ይሄን ትዕይንት በቃሉ ያውቀዋል፣ ፖሊሱ መቼ እንደሚገባ ያውቃል። አንድም ልጅ ምክር አልሰጠም። እንደሚያስወጣ ስለሚያውቁ ይሁን ሌላ፣ ለዛሬም አልገባኝም። ሊስትሮው ብቻ በወፍ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር አላት። እሷም በዚያው ቋንቋ መለሰችለት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

በማግሥቱ ከትልልቆቹ ሴቶች ሁለቱ አብረዋት ሄዱ፣ ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት ጎረቤትም ተጨመረች። እናቷ ከገጠር መጣች። የ8ኛ ክፍልን ፈተና እስክትወስድ ተባለ። ከዚያ በኋላ ስላለው የተባለ ነገር የለም። ደላላው አሁንም ይደውላል።

የወፍ ቋንቋው ያልጣማቸው ሰውም አሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቅዳሜ ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ያዩናል። መጀመሪያ ቀን ሲሰሙት «ደግሞ ወጋጎዳ ልታደርጉን ነው?» አሉ። ከልጆቹ አንዱም አልሳቀ፣ አላወቁትማ። እኔም የማውቀው ከቤተሰብ ሰምቼ ነው። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ አንድ መማሪያ ቋንቋ ለማውጣት ተሞክሮ ነበር፤ ስሙም ከአራቱ ስሞች መጀመሪያ ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው። መጽሐፍ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሕዝቡ ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ቀሩ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ።

«ቋንቋ መጫወቻ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ ከጨዋታው በኋላ። አልተከራከርኳቸውም፤ ማንም ያልተናገረውን ቋንቋ በመጽሐፍ ታትሞ የተቀበለ መምህር ይሄን የማለት መብት አለው። ልዩነቱን ግን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ያኛው ከላይ ታዞ የመጣ ነው፣ ይሄ ሲያልቅ የሚጣል። አንድ ልጅ የተናገረውን የወፍ ቋንቋ ራሱም አይደግመውም። «አይደግመውም?» አሉ። አይደግመውም። ዝም አሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥተው ያቺኑ ወንበር ያዙ።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉኝም አሉ። ስሙ አዎ። አንዴ ተነግሮ የማይደገም ነገር ግን ቅኔ ቤት ሞልቷል። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል፤ የሚሠራው በግዕዝ ነው፣ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ ባልሆነ። ሲሰለጥን ዘራፊ ይባላል፣ ቆሞ እዚያው ያፈልቀዋል። አዝማሪ ቤት የገባችሁ እንደሆነ ደግሞ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ሲያዞረው አይታችኋል። «እሺ፣ ደግሞም» ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስታውሰው አያቴን ነው። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሟቹን በቅርብ ባታውቀው እንኳ ከደጅ እስከ ድንኳን ባለው መንገድ ከሰው አፍ ሁለት ሦስት ነገር ትለቅማለች፤ በሬው፣ የተከለው ዛፍ፣ ልጁን ያስተማረበት ዓመት። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ያንን ሙሾ አድርጋ ታወጣዋለች፣ ሕዝቡ ይቀበላታል። ማንንም አስፈቅዳ አታውቅም። ለቅሶ ላይ የሚያስፈቅድ የለም።

ቡድን የሌላችሁስ? ብዙዎቻችሁ ዶርም ውስጥ ወይ ኪራይ ቤት ብቻችሁን እንደምታነቡኝ አውቃለሁ። ብቻ መለማመድ ይቻላል፤ የቅኔ ተማሪም እኮ የቀኑን ግማሽ ዛፍ ሥር ተከናንቦ ለብቻው ነው ቅኔ የሚቆጥረው። ከጆንስተን የተገኘ አንድ ልምምድ አለ፤ ክፍል ውስጥ እየዞርክ ዕቃውን ሁሉ ጮክ ብለህ በተሳሳተ ስም ትጠራዋለህ። ወንበሩን «ጎመን»፣ መስኮቱን «አጎት»፣ ጫማህን «ሰኞ»። ቀላል ይመስላል፤ አሥረኛው ዕቃ ላይ አፍህ ይያዛል፣ ወይ ስሞቹ ሁሉ ምግብ ይሆናሉ። ያኔ ቆም አትበል፣ ምግቡን ቀጥል። ሁለት ደቂቃ በኋላ ስትመለከት ክፍሉ ትንሽ የደመቀ ይመስላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሞክሩት።

ሌላው የስልክ ሰዓት ነው። አንድ ደቂቃ ትሞላለህ፣ ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈበትን ነገር ይዘህ ሳታቋርጥ ታወራለህ፤ ምስማር ከሆነ ስለ ምስማር። ቅዳው፣ ግን አትስማው። መስማት ከጀመርክ ራስህን ማረም ትጀምራለህ፣ ልምምዱ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰው እንዳይሰማኝ ለምትሉ የወፍ ቋንቋ አለላችሁ፤ ጎረቤት ስልክ ላይ ናት ብሎ ያልፋል።

ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ሁለት ድምፅ የሚሉትን ነው። ብቻህን ሁለት ሰው ትሆናለህ፤ አንዱ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ሌላው አይሰጥም። ቦታ ስትቀይር ድምፅህም አቋቋምህም ይቀየራል። አንተና እርስዎ እዚህ ላይ ያግዛሉ፤ አንደኛው «አንቺ» ካለ ሌላኛው «እርስዎ» ይላል፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። ከዚያ መሃል ላይ ትገለብጠዋለህ፤ «እርስዎ» ሲል የነበረው «አንቺ» ይላል፣ ምን እንደሚፈጠር ታያለህ።

የ14 ዓመቷ ልጅ ይሄን የምትለማመደው ውሃ ስትቀዳ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እንዴት እንደምትሠራው ነገረችኝ። ወደ ቦኖው ስትወርድ አክስቷን ትሆናለች፤ በአክስቷ ድምፅ ለምን መሄድ እንዳለባት እያስረዳች ትወርዳለች። ስትመለስ ራሷን ትሆናለች፣ እየመለሰችላት ትወጣለች።

«የትኛው ይከብድሻል?» አልኳት።

«መልሱ» አለች። «ጄሪካኑ ሙሉ ነው።»